«ሂት ኦን» ሲባል የተመታ ሰው የለም

ሂንዲ ለሚናገር ተማሪ «ሂት ኦን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ማስረዳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መምህሩ «ላይን ማርና» ይላል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ ነገሩ አለቀ። «ማርና» በሂንዲ መምታት ነው። «ላይን ማርና» ቃል በቃል ሲፈታ መስመር መምታት ይሆናል፤ ሰው የሚረዳው ግን መጀንጀን ብሎ ነው። «እየጀነጀነኝ ነው» ለማለት «ቮ ሙጅ ፐር ላይን ማር ረሃ ሄ» ይላሉ። እዚህ ውስጥ «ፐር» ያለችው ቃል የኛ «ላይ» ናት፤ የእንግሊዝኛዋ «ኦን» ማለት ነው። መምታቱም አለ፣ «ላይ»ዋም አለች። ለዴልሂ ልጅ እንግሊዝኛው አዲስ ልብስ የለበሰ የድሮ ጓደኛው ነው።

እኛ ግን በዚህ መንገድ አንሄድም። አማርኛ ብዙ ነገር ይመታል፤ ክራር ይመታል፣ ከበሮ ይመታል፣ ምች ይመታል፣ ብርድ ይመታል፣ ልብም ይመታል። ፍቅር ፍለጋ የወጣ ሰው ግን አይመታም። ይጀነጅናል፣ ያሽኮረምማል፣ ሲብስም ይጠብሳል። (ሰው እንዴት እንደሚጠበስ ለሕንዶቹ ማስረዳት ደግሞ የሌላ ሰው ፈተና ይሁን።) ስለዚህ ጅማ ላይ እንግሊዝኛ የሚለማመድ ልጅ «ሂ ሂት ኦን ኸር» የሚለውን ሲሰማ መጀመሪያ የሚታየው ዱላ ነው።

እንግሊዝኛውን ሁሉ በፊደላችን የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ይህ ፈሊጥ ከመጻሕፍት ይልቅ በአፍ የሚኖር ነው።

መጀመሪያ ትርጉሙ። «ሂት ኦን» ማለት አንድ ሰው ለሌላው የፍቅር ወይም የስሜት ፍላጎቱን በንግግር ወይም በሁኔታው ማሳየቱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ስልክ ቁጥር ወይም ቀጠሮ ለማግኘት። ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው። ከአንዱ ይነሣል፣ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሌላው ምን እንዳለ ፈሊጡ አይናገርም። ተደስታ ይሆናል፣ ተሰላችታም ይሆናል። በአማርኛ ከሁሉ የሚቀርበው «ጀነጀነ» ነው፤ እሱም አንድ ጀንጃኝና አንድ ተጀንጃኝ ይፈልጋል። ልዩነቱ እንግሊዝኛው ለሴትም ለወንድም እኩል መዋሉ ነው። «ሺ ወዝ ሂቲንግ ኦን ሂም» ቢባል ማንም ዞር ብሎ አያይም። «ጀነጀነችው» ስንል ግን እኛው እንስቃለን።

አሁን ወደ ስሕተቱ። አማርኛ ተናጋሪ «ኦን»ን ይውጣታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ «ጀነጀናት» ስንል ሰውየዋን የምታመለክተው ያቺ መጨረሻ ላይ ያለች «ት» ናት፣ ሌላ አያያዥ ቃል አንፈልግም። ያንኑ ልማድ ይዘን «ሂ ሂት ኸር» እንላለን። ይህ ደግሞ ቀጥታ «መታት» ነው፤ ሰሚው ፖሊስ ይጠራ ወይስ አይጥራ ብሎ ያስባል። «ፍለርት» (መሽኮርመም) ላይም ያው ስሕተት ይደገማል፤ «ሂ ፍለርትድ ኸር» አይባልም፣ «ፍለርትድ ዊዝ ኸር» ነው። ምንጩ አንድ ስለሆነ ሁለቱን አብሮ ማረም ይሻላል።

ተደራጊ ግሥ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይብሳል። «አይ ጋት ሂት ኦን» ማለት አንድ ሰው ጀነጀነኝ ማለት ነው። «አይ ጋት ሂት» ማለት ደግሞ ተመታሁ፤ በቡጢ፣ በኳስ፣ ወይም በባጃጅ። ጅማ ውስጥ ለባጃጅ የሚቀርበው ትርጉም የትኛው እንደሆነ መንገድ የተሻገረ ሁሉ ያውቀዋል። «ሺ ጋት ሂት ኒር ዘ ዩኒቨርሲቲ» ብላችሁ ለእንግዳ ብትነግሩት «ኢዝ ሺ ኦኬ?» ብሎ ነው የሚደነግጥላችሁ። «ኦን» ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ብቻዋን ቀርታ ያለቀላት ትመስላለች፣ ግን እዚያው ትቆያለች። «ዘ ገርል ሂ ወዝ ሂቲንግ ኦን» (እየጀነጀናት የነበረችው ልጅ) በሚለውም ውስጥ እንዲሁ መጨረሻ ላይ ናት።

ሌላው ስሕተት «ኦን»ን አርቆ መወርወር ነው። «ሂ ሂት ኸር ኦን…» ብላችሁ ከጀመራችሁ ሰሚው «ኦን ዘ ሄድ» እንድትሉ ይጠብቃል፤ ጭንቅላቷን መታት ሊሆን ነው። ይህ ግሥ አይለያይም። «ሂት» እና «ኦን» ተጣብቀው ይሄዳሉ፣ ሰውየው በመሐላቸው አይገባም። በተቃራኒው «ሂት አፕ» የሚለው (መልእክት መላክ፣ ማግኘት) ይለያያል፤ «ሂት ሚ አፕ» ሲሏችሁ «ጻፍልኝ፣ ደውልልኝ» ማለታቸው ነው፣ ከጅንጀና ጋር ግንኙነት የለውም። «ዊ ሂት ኢት ኦፍ» ደግሞ ገና ሲተዋወቁ መግባባት ነው። በመጀመሪያ ቀን ከአለቃችሁ ጋር «ሂት ኢት ኦፍ» ብትሉ ደስ የሚል ወሬ ነው፤ አለቃችሁን «ሂት ኦን» ካላችሁ ግን ሌላ ወሬ ነው።

«ኦን»ን ለማስታወስ እኔ የማምንበት ዘዴ አንድ ነው፤ «ባት»። አማርኛ አንድ ነገር በሰው ላይ ሲደርስ ግሡ ላይ «ብኝ፣ ብህ፣ ባት» ይጨምራል። ስልኩን ዘጋብኝ፤ በእንግሊዝኛ «ሂ ሃንግ አፕ ኦን ሚ»። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋብኝ፤ «ማይ ፎን ዳይድ ኦን ሚ»። ሌላ ሴት ያዘባት፤ «ሂ ቺትድ ኦን ኸር»። ዓይኑን ጣለባት፤ «ሂ ሃዝ ሂዝ አይ ኦን ኸር»። አያችሁት? «ብኝ» እና «ባት» የሚገቡበት ብዙ ቦታ «ኦን» ትገባለች። «ሂት ኦን ኸር» ሲመጣም በልባችሁ «ጅንጀናውን ጣለባት» በሉት። ይህ የሰዋስው ሕግ አይደለም፣ የሚጎዳ ነገር አለ ማለትም አይደለም። አፍ እንዳይስት ማሰሪያ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ከሂንዲው «ፐር» ያላነሰ ድልድይ ይመስለኛል፣ እንዲያውም በብዙ ቦታ ስለሚያገለግል ይበልጣል።

ጊዜውን በተመለከተ ደግሞ «ሂት» ትናንትም ዛሬም «ሂት» ናት፤ «ሂትድ» የሚባል የለም። «ዴይ ሂት ኦን ኸር» ሲባል አሁን ነው ድሮ ከቃሉ አታውቁም። በአፍ ንግግር ብዙ ሰው ወደ «ሂቲንግ» የሚሮጠው አንድም ለዚህ ይመስለኛል። «ሂቲንግ»ን ስትጽፉ ቲ የምትባለው ፊደል ሁለት ጊዜ ትጻፋለች። ከድምፁ ደግሞ የመጀመሪያዋ አናባቢ ታስቸግራለች። «ሂ»ን ጎትታችሁ ካነበባችኋት «ሙቀት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ትወጣለች። በ«ሂ» እና በ«ህ» መካከል፣ አጭር አድርጋችሁ ልቀቋት። አሜሪካኖቹ ሁለቱን ቃላት ገጥመው «ሂዳን» የሚመስል ነገር ይላሉ፤ መሐል ያለችው ቲ ለስልሳ ዲ ልትሆን ትደርሳለች። እንግሊዞቹ ቲዋን ጠበቅ ያደርጓታል። አጽንዖቱ «ሂት» ላይ ነው፤ «ኦን» በቀላሉ ታልፋለች። «ኦን»ን አጽንታችሁ ስትሉ የመብራት ማብሪያ ታስመስሉታላችሁ።

አሁን ከ«ሂት ኦን» ጎረቤቶች ጋር እንተዋወቅ፤ ብዙው ግራ መጋባት ያለው እዚህ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት አንድ ካፌ አስቡ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ አባርቷል፣ አንዲት ልጅ በረንዳው ላይ ማኪያቶዋን ይዛ ተቀምጣለች። በመንገድ የሚያልፍ ልጅ «ቆንጆ! እንሂድ!» ብሎ ጮሆ ያልፋል። ይህ «ሂት ኦን» አይደለም። ይህ ለከፋ ነው፤ እንግሊዝኛው «ካትኮል» ይለዋል። ቀጥሎ ሌላ ልጅ መጥቶ «ይቻላል?» ብሎ ወንበር ይስባል፣ ስሙን ይነግራታል፣ የየት ዲፓርትመንት እንደሆነች ይጠይቃታል፣ ጸጉርሽ ያምራል ይላታል። አሁን «ሂ ኢዝ ሂቲንግ ኦን ኸር»። እሷ ፈገግ ብላ «ለሁሉም እንደዚህ ነው የምትለው?» ብላ ብትመልስለት፣ እሱም ቢስቅ፣ እሷም ብትቀጥል፣ ቃሉ ይቀየራል፤ «ዴይ አር ፍለርቲንግ»። ተሽኮረመሙ እንደምንለው፣ ሁለቱም ወገን ገብቶበታል። «ዴይ አር ሂቲንግ ኦን ኢች አዘር» ብትሉ ሰዋስዉ ባይሰበርም ጆሮ ይቆረቁራል።

ከዚያ ልጁ ልቡን ሞልቶ «ቅዳሜ እራት እንብላ?» ቢላት «ሂ አስክድ ኸር አውት» ነው። እዚህም ወጥመድ አለ። በአማርኛ «ጠየቃት» ብቻ ብንል ምን እንደጠየቃት ሁሉም ይገባዋል። በእንግሊዝኛ «ሂ አስክድ ኸር» ካላችሁ ግን ሰው «ምን ብሎ?» ይላችኋል፤ «አውት» የግድ ነው። እሺ ብላው አብረው ከሄዱ የእንግሊዝ ወጣት «ሂ ፑልድ» ይላል፤ «ጠበሳት» እንደማለት ነው። «ጠበሰ» ግን የራሱ አመል አለው። «እየጠበሳት ነው» ስንል ገና ሙከራው ላይ ነው፣ ስለዚህ «ሂቲንግ ኦን» ይስማማዋል። «ጠበሳት» ስንል አልቋል፣ ተሳክቶለታል፣ «ሂት ኦን» ከእንግዲህ አይገልጸውም። ይህን ሳይለይ «ጠበስኳት» ለማለት «አይ ሂት ኦን ኸር» የሚል ልጅ ድሉን ራሱ ሰረዘ ማለት ነው። ሰሚው የሚረዳው ሞክሮ እንደነበር ብቻ ነው።

በእንግሊዝ «ቻት አፕ» የሚለው ከ«ሂት ኦን» ይልቅ ጨዋታ ያለው፣ ለስለስ ያለ ነው፤ «ሂት ኦን» ከአሜሪካ የመጣ ቢሆንም ዛሬ ሁሉም ጋ ይገባል። «ሜድ ኤ ፓስ አት ኸር» ደግሞ ጠንከር ይላል፤ አንድ ጊዜ ደፍሮ መሞከርን፣ አንዳንዴም እጅ መስደድን ያሳያል።

የሕንድ መምህር ያስተማራችሁ ካላችሁ ሁለት ቃላት እንዳያሳስቷችሁ። በሕንድ እንግሊዝኛ «ፕሮፖዝ» ማለት ብዙ ጊዜ «እወድሻለሁ» ብሎ ልብን መግለጽ ነው፤ በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን ቀለበት ይዞ ለጋብቻ መጠየቅ ነው። ለከፋን ደግሞ ሕንዶች «ኢቭ ቲዚንግ» ይሉታል። ከደቡብ እስያ ውጭ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ አይገባውም፤ እዚያው ሕንድ ውስጥም ጥፋቱን ቀልድ ያስመስላል ተብሎ ይነቀፋል። ትክክል ነው የሚነቀፈው።

ወደ ጅማ ልመለስ፤ እዚህ ትልቁ ችግር ፈሊጡን አለማወቅ አይደለም። ሳናስበው «ሂት ኦን» ማድረጋችን ነው። የኛ ጨዋነት በእንግሊዝኛ ሲገለበጥ ጅንጀና ይመስላል።

ቡናውን ውሰዱ። የቡና አገር ላይ ሆነን እንግዳን ቡና አለመጋበዝ ነውር ነው። «ዉድ ዩ ላይክ ቱ ሃቭ ኮፊ ዊዝ ሚ?» ብሎ አንድ ወንድ ለብቻዋ ለምትጓዝ ሴት ሲናገር ግን ግብዣው ቀጠሮ ይሆናል። የሚያጣምመው «ቡና» አይደለም፤ «ዊዝ ሚ» ነው። አንድ ቃል ቀይሩ፤ «ካም ኤንድ ሃቭ ኮፊ ዊዝ አስ»። «አስ» ስትገባ እናትም፣ ጎረቤትም፣ ረከቦትም፣ ፈንዲሻም አብረው ይገባሉ። «ማይ ማዘር ኢዝ ሜኪንግ ኮፊ» ብትጨምሩበት ጥርጣሬው ሁሉ ይጠፋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንዳለም ቀድማችሁ ንገሯት፤ «ስሪ ራውንድስ፣ ኢት ቴክስ ታይም» በሏት። እሷ አገር ቡና አንድ ስኒ ነው፤ ሦስተኛው ሲመጣ ሊያቆዩኝ ነው ብላ እንዳትሰጋ።

አስተናጋጆች ደግሞ «ብቻሽን ነሽ?» ለማለት «አር ዩ አሎን?» ይላሉ። ወንበር ለማዘጋጀት ነው የጠየቁት፤ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። «ቴብል ፎር ዋን?» ወይም «ጀስት ዋን?» በቂ ነው። «አግብተሻል? ልጆች አሉሽ?» የሚለው የኛ ሰላምታ ማራዘሚያ ነው፣ ካልጠየቅን ያልተቆረቆርን ይመስለናል። «አር ዩ ሜሪድ?» ግን ከማያውቁት ወጣት ወንድ አፍ ሲወጣ በሩ ክፍት ነው ወይ ብሎ ማንኳኳት ነው። በምትኩ «ኢዝ ዚስ ዩር ፈርስት ታይም ኢን ጅማ?» በሉ፤ ወሬው ራሱ ቤተሰቧ ጋ ካደረሳችሁ ያኔ ጠይቁ።

ባጃጅ ነጂ ከሆናችሁ ቁጥር አትጠይቁ፣ ስጡ። «ካን አይ ሃቭ ዩር ነምበር?» የታወቀ የጅንጀና ጥያቄ ነው። «ሂር ኢዝ ማይ ነምበር፣ ኢፍ ዩ ኒድ ኤ ባጃጅ» ንግድ ነው። በሁለተኛው የመደወሉ ውሳኔ የተሳፋሪዋ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣውም ይኸው ነው።

ገበያ ላይ «የኔ ቆንጆ፣ ይህቺን በርጩማ ውሰጃት» የምትል ነጋዴ ለማንም ትላለች፤ ለአሮጊቷም ለልጅቷም። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ የያዘ ወንድ ነጋዴ ይህን ቃል በቃል «ማይ ቢዩቲፉል» ብሎ ሲገለብጠው ግን በርጩማው ተረስቶ ሌላ ነገር ይቀራል። «የኔ ማር»ም እንደዚሁ ነው፤ «ማይ ሃኒ» ሲሆን ለሚስት ብቻ የሚባል ይመስላል። እርግጥ አሜሪካ ውስጥ በዕድሜ ገፋ ያለች የምግብ ቤት አስተናጋጅ ለማያውቃት ሰው ሁሉ «ሃኒ» ልትል ትችላለች። እሷ ስትለው እናትነት ነው፤ የሃያ ዓመት ልጅ ሲለው አይደለም። «ሃሎ፣ ዌልካም» ብቻ በሉ፤ ዋጋውን ንገሩ።

እንደዚህም ተጠንቅቃችሁ አንድ ቀን «አር ዩ ሂቲንግ ኦን ሚ?» ብትባሉ ፊቷን እዩ። እየሳቀች ከሆነ ቀልድ ነው። ካልሳቀች ማስጠንቀቂያ ነው። ሐሳባችሁ ያ ካልነበረ «ኖ፣ ሶሪ፣ አይ ወዝ ጀስት ቢኢንግ ፍሬንድሊ» በሉና ወሬውን ቀይሩ። ለአስጎብኚዎች ይህ ቀላል ነው፤ ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ፊታችሁ ቆሟል፣ ከ1878 እስከ 1932 በአውሮፓ አቆጣጠር የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለብዙ ደቂቃ የሚበቃ ታሪክ አላቸው። አንድ ነገር ብቻ አታድርጉ፤ እንዳልጀነጀናችሁ በዝርዝር አታስረዱ። ማብራሪያው ሲረዝም ጅንጀናው የቀጠለ ይመስላል።

ተጀንጃኟ እናንተ ስትሆኑ ደግሞ የኛ ይሉኝታ ይጎዳችኋል። አማርኛ ተናጋሪ «እናያለን» ወይም «ሌላ ጊዜ» ሲባል እምቢታ መሆኑ ይገባዋል። «ሜይቢ ሌይተር» ያለችውን ልጅ ግን ፈረንጁ በእውነት ማታ ይጠብቃታል። ነገ ተመልሶ ሲመጣ ያስቸገረ ይመስላታል፤ እሱ ደግሞ የተቀጠረ ይመስለዋል። ለስላሳው እምቢታ «አይም ፍላተርድ፣ በት ኖ ሳንክስ» (ደስ ይላል፣ ግን ይቅርብኝ) ነው። ጠንከር ያለው «አይም ኖት ኢንተረስትድ»። «አይም ሲይንግ ሰምዋን» (ጓደኛ አለኝ) የሚለውም ይሠራል፤ እኔ ግን አልመርጠውም፣ «ጓደኛ ባይኖርሽስ?» ለሚል ደረቅ ሰው ቀዳዳ ይተዋል።

ይህ ሁሉ የአፍ ቋንቋ ነው። ለመሥሪያ ቤት አቤቱታ የምትጽፉ ከሆነ «ሂ ሂት ኦን ሚ» ብላችሁ አትጻፉ። የጓደኛ ወሬ ይመስላል፣ አንባቢው ቀልሎ ያየዋል። «አንዋንትድ አድቫንስስ» (ያልተፈለገ ጅንጀና) ይጻፍ፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተባለው ቃል በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይከተል። አቁም ተብሎ ያላቆመ ከሆነ ደግሞ ቃሉ «ሃራስመንት» (ትንኮሳ) ነው፤ እዚያ ደረጃ ላይ «ሂት ኦን»ም «ፍለርት»ም ቦታ የላቸውም።